ሦስተኛው ክንፍ

የንግስቲ አውራ ጣት በእንጨቱ ላይ ወርዶ ወርዶ አንድ ቦታ ሲደርስ ያዝ አለ። መለስ አድርጋ ደግማ ዳበሰችው። ዓይን ምንም አያይም፤ መልኩ ከቀረው እንጨት ጋር አንድ ነው። ጣት ግን አይሸወድም። ሌላው ገላ ለስላሳ ሆኖ ሳለ ያ የሻይ ብርጭቆ አፍ የሚያህል ቦታ ደረቅ አለባት።

ስቱኮ ነበር። ሰጋቱራ በኮላ ተለውሶ ቀዳዳ ውስጥ የተጠቀጠቀ። ንግስቲ ስቱኮን ካላወቀች ማን ሊያውቅ ነው? ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ በአባቷ እንጨት ቤት ውስጥ የእሷ ድርሻ የቁም ሳጥን ቀዳዳ መድፈንና በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ ነው። እዚህ ቦታ፣ የነፋስ መዘውሩ ክንፍ ከብረቱ ጋር ከሚታሰርበት ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ትልቅ ጉጥ ነበረ ማለት ነው፤ ድሮ ቅርንጫፍ የወጣበት ቋጠሮ። ክንፉ ሲላግ ጉጡ ወልቆ ወደቀ። ግደይም ደፈነው፤ ደፍኖም ዝም አለ።

ቀና ብላ አየችው። የአክስቷ ልጅ ግደይ ወለሉን እየጠረገ ነበር።

«ምን ሆንሽ?» አላት።

«ምንም።»

ልቧ ግን በደስታ ዘለለ። እንዲህ ያለ ደስታ የሚያሳፍር መሆኑ አልጠፋትም። ቢሆንም ደስ አላት፤ ከወር በላይ እንዲህ ደስ ብሏት አያውቅም።

የአቶ አስገዶም እንጨት ቤት ከፒያሳ ወደ አትክልት ተራ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ፣ በአንድ ልብስ ሰፊና በአንድ ሰዓት ጠጋኝ መሀል ተጨናንቃ የተቀመጠች ናት። አልጋ፣ ቁም ሳጥን፣ ለሙሽራ የሚሆን የመስታወት ጠረጴዛ፤ ሲሠሩ የኖሩት ይህንን ነው። ጥር ላይ ግን ኢንጂነር ሀብተሥላሴ የሚባል ቀጭን ሰውዬ መጣና ቤቱን ሁሉ ነፋስ በነፋስ አደረገው።

«አቶ አስገዶም፣ ነፋስ ልናርስ ነው» ብሎ ጀመረ።

«ነፋስ ደግሞ በየትኛው በሬ ይታረሳል?» አሉ አቶ አስገዶም፣ እርሳሳቸውን ከጆሯቸው ላይ እያወረዱ።

ኢንጂነሩ ሳቀና አስረዳቸው። ከነፋስ መብራት የሚያመነጭ አዲስ የመንግሥት ድርጅት ተቋቁሟል። ድርጅቱ ከናዝሬት በላይ ባለው ኮረብታ ላይ የነፋስ መዘውሮችን እንደ ባሕር ዛፍ በተርታ ይተክላል፤ ነፋሱ ክንፎቹን ያዞራል፣ ክንፎቹ ጄኔሬተሩን ያዞራሉ፣ መብራቱም በሽቦ ወደ ከተማ ይሄዳል። ተክሎም ዞር አይልም፤ የሚያንቀሳቅሰውና የሚጠግነውም ራሱ ድርጅቱ ነው። መጀመሪያ ግን አንድ መዘውር ቸርችል ጎዳና ባለው መሥሪያ ቤት ጣሪያ ላይ ለሙከራ መቆም አለበት። ከባሕር ማዶ የታዘዙት ክንፎች የውጭ ምንዛሪ ጠፍቶ ቀርተዋል።

«ስለዚህ ሦስት ክንፍ ከእንጨት ይሥሩልኝ። ቀላልና ጠንካራ እንጨት ይሁን» አለ።

አቶ አስገዶም ዝግባ መረጡ። ሁለቱን ክንፍ ራሳቸው ላጉ። ንግስቲን ያቃጠላት የሦስተኛው ነገር ነው።

አባቷ ከጣልያን ዘመን አሠሪያቸው የወረሱት አንድ መላጊያ አለ። መያዣው በላብ ብዛት ጠቁሮ ያበራል። ንግስቲ ሁለት ዓመት ሙሉ ስትለምን፣ «እጅሽ ሲጠና» እየተባለች ኖራለች። ግደይ ከአዲግራት በጭነት መኪና ላይ ተጭኖ የመጣው በጥቅምት ነው። እናቱ «እዚህ ለወንድ ልጅ ጊዜው ጥሩ አይደለም» ብላ ለወንድሟ የላከችው የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነው። በመጣ በአራተኛው ወር መላጊያው በእጁ፣ ሦስተኛው ክንፍ በመሥሪያው ጠረጴዛ በባንኮው ላይ ሆነ። «እጁ የተባረከ ነው» አሉ አባቷ። ለእሷ ደግሞ፣ «አንቺ የብርጭቆ ወረቀቱን ያዢ» አሏት።

ነገሩ በመላጊያው ቢያበቃ ምን ነበረ! መኝታዋን ለእሱ ለቅቃ ከእናቷ ጋር መተኛት ጀመረች። በማዕድ የመጀመሪያው ጉርሻ ወደ እሱ አፍ ዞረ። «እንግዳ ነው» አሏት እናቷ ወይዘሮ ጽጌማርያም፤ አራት ወር የሞላው እንግዳ! ከሁሉም የባሰው ግን ሳቁ ነበር። አቶ አስገዶም ሰው ፊት በትግርኛ እንዳይነገር ከልክለዋል፤ ጊዜው ክፉ ነው፤ «ዝም አይነቅዝም» ይላሉ። ማታ በሩ ሲዘጋ ግን ከግደይ ጋር በትግርኛ ይጀምራሉ፤ ስለ አንድ በቅሎ፣ ስለ አንድ ቄስ፣ ስለ አንድ ጎረቤት። ከዚያ አባቷ ይስቃሉ፤ ዕንባቸው እስኪወርድ። ፒያሳ ተወልዳ ያደገችው ንግስቲ ትግርኛው ግማሹ ብቻ ነው የሚገባት። ሳቁ ሁልጊዜ ያለው ደግሞ በማይገባት ግማሽ ውስጥ ነው። አንድ ቀን እንኳ «ምን ማለት ነው?» ብላ አልጠየቀችም። ትሞታለች እንጂ አትጠይቅም።

ስለዚህ ያን ሐሙስ ስቱኮውን በጣቷ ስታገኝ ልቧ የዘለለው ያለ ምክንያት አልነበረም። እጁ የተባረከ! እስቲ ቅዳሜ ኢንጂነሩ ይምጣ፤ የተባረከውን እጅ ሁሉም ፊት እናየዋለን።

ዓርብ በትምህርት ቤት ጓደኛዋ አባይነሽ፣ «ያ ፋራ ዘመድሽ አሁንም አውቶቡስ ሲመጣ ወደ ኋላ ይሮጣል?» ብላ ጠየቀቻት።

«ቆይ፣ ገና ታያለሽ» አለች ንግስቲ።

«ምኑን?»

«ተይው። ሲበስል እነግርሻለሁ።»

ከትምህርት ቤት ስትመለስ ክንፎቹ ቀይ ቀለም ተቀብተው በተርታ ቆመዋል፤ የሚያምሩ፣ ልክ እንደ ሦስት ወንድማማቾች። ንግስቲ ከጣሪያው ሥር ወደ ተጋደመው ሳንቃ እንደ ልማዷ ቀና ብላ አየች። በቤቱ የቀረው የመጨረሻው ዝግባ እሱ ነው። የስምንተኛ ክፍልን የሚኒስትሪ ፈተና ስታልፍ አባቷ የማጥኛ ጠረጴዛ ሊሠሩላት ቃል ገብተው ያስቀመጡት ነው። እስካሁን የቤት ሥራዋን የምትሠራው በእናቷ የልብስ ሳጥን ላይ ተንበርክካ ነው። ቢያንስ ያ ሳንቃ የእሷ ነው፤ እሱን ማንም አልነካባትም።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ኢንጂነሩ በፒክአፕ መኪና መጣ። የየካቲት ነፋስ የቁልቁለቱን አቧራ እያነሳ በበሩ ይወረውር ነበር፤ ሰውዬው ግን አቧራው ዓይኑ ውስጥ ሲገባ እንኳ ደስ ይለው ነበር። ክንፎቹን አንድ በአንድ በገመድ አንጠልጥሎ አመዛዘናቸው። ሦስቱም እኩል ሆኑ።

«ይህ የግደይ ነው?» ሲል ሦስተኛውን መታ መታ አደረገው። «በመስከረም ድርጅታችን ሠራተኛ ይቀጥራል። ስምህን አስይዝልሃለሁ።»

አባቷ የግደይን ትከሻ ያዝ አደረጉት። አሁን ነው፣ አለች ንግስቲ በልቧ። አሁን።

«ኢንጂነር፣ ክንፉ ቢሰበርስ?» ብላ ጀመረች።

«እየተሽከረከረ? ያማ እንደ ወንጭፍ ድንጋይ ነው፤ የት እንደሚያርፍ አይታወቅም። ታች ደግሞ ቸርችል ነው፤ አውቶቡስ አለ፣ ሰው አለ።» ከዚያ ፈገግ አለ። «ግን አይሰበርም። የአባትሽ ቤት ሥራ ነው።»

ንግስቲ ወደ ግደይ ዞረች። ፊቱ አመድ መስሏል። ይህን አላሰበችም ነበር፤ ልጁ አደጋውን አያውቅም ነበር። ቀና ብሎ ወደ ክንፉ፣ ከዚያ ወደ በሩ፣ ወደ መንገዱ አየ።

በዚያው ቅጽበት በሩ ላይ ጓድ እንዳለ ቆመ። የቀበሌው ሊቀመንበር ነው፤ ካኪ ልብሱ በደንብ ተተኩሷል፣ በአካባቢው የሚሠራ ነገር ሁሉ ሳይጎበኘው አያልፍም።

«ይህ ልጅ አዲስ ነው?» አለ፣ በአገጩ ወደ ግደይ እያሳየ።

«የእህቴ ልጅ ነው» አሉ አቶ አስገዶም።

«ከየት የመጣ?»

«ከሰሜን።»

«መታወቂያ አለው?»

«ጉዳዩን አመልክተናል፤ እየጠበቅን ነው።»

ጓድ እንዳለ ወደ ክንፎቹ ቀረብ አለ። «ጓድ አስገዶም፣ ይህ የአብዮቱ ሥራ ነው። የበላይ አካላት ነገ ይመጣሉ። አንዲት ነገር ብትበላሽ ስሟ አሻጥር ነው፤ ማን እንደሠራው፣ ከየት እንደመጣ፣ ማን እንዳስጠጋው ይጠየቃል። ይህን ያውቁ የለ?»

«እናውቃለን።»

ንግስቲ ሁለት ቀን ሙሉ ስታላምጠው የቆየችው ቃል አሁን ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር። ብትናገረው ግደይ ከዚህ ቤት ይወጣል፤ ወዴት እንደሚወሰድ ግን አይታወቅም። የልብስ ሰፊው ልጅ አንድ ማለዳ ወጥቶ እንደቀረ ሁሉም ያውቃል፤ ማንም አያነሳውም። ንግስቲ አፏን ዘጋች። እንዲህ አልነበረም የፈለገችው። እንዲያፍር ነው የፈለገችው፤ መላጊያውን እንዲመልስ።

ትላልቆቹ የጣሪያውን ብረት ለማየት በፒክአፑ ወደ ቸርችል ሄዱ። ክንፎቹን ሲመለሱ ይጭናሉ።

በሩ ሲዘጋ ግደይ ባንኮው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። «አውቀሻል አይደል?» አላት።

«ሐሙስ ነው ያወቅኩት።»

«ለምን አልተናገርሽም?»

እውነቱ የሚነገር አልነበረም። «አንተስ?» አለችው። «ይህን የሚያህል ቀዳዳ በስቱኮ ይደፈናል?»

«አንቺ ለቁም ሳጥን ስታደርጊ አይቼ ነው። አኮይም ጉጥ ከወለቀ ሙላው ነው ያሉኝ።» አኮይ የሚላቸው አባቷን ነው፤ አጎቴ ማለቱ ነው። «ቁም ሳጥን ቆሞ ይኖራል። ይህኛው እንደሚሽከረከር… እጄ የለመደውን አደረገ። እንደ ድንጋይ እንደሚወረወር ዛሬ ነው የሰማሁት፣ በእግዚአብሔር!»

«አቦይን ብትጠይቀው ምን ነበረበት?» እሷ አባቷን አቦይ ነው የምትለው።

የግደይ ዓይን ወደ ላይ ወጣ፣ ከጣሪያው ሥር ወደ ተጋደመው ሳንቃ።

«ብጠይቃቸው ያንን አውርድ ይሉኝ ነበር። ሌላ ዝግባ የለም። መኝታሽን ወሰድኩብሽ። መላጊያውንም ወሰድኩብሽ። ማታ ማታ እንዴት እንደምታዪኝ የማላይ ይመስልሻል? እሱን ደግሞ እንዴት ልውሰድ?»

ንግስቲ ተናደደች። እንዲህ ያለ ንዴት ይዟት አያውቅም። መጥፎ ቢሆን ምን ነበረበት! መጥፎ ልጅ ቢሆን፣ ሰነፍ ቢሆን፣ አስመሳይ ቢሆን፤ እሷም በሰላም ትጠላው ነበር። አሁን ግን ጥላቻዋን የት እንደምታስቀምጠው ጠፋት። ማልቀስ አማራት፤ ጀርባዋን ሰጥታው የብርጭቆ ወረቀቶቹን አለቦታቸው ደረደረች።

«ሲመለሱ እናገራለሁ» አለ ግደይ ከኋላዋ።

«ጓድ እንዳለ ፊት?»

«ታዲያ ሰው ላይ ይውደቅ?»

የፒክአፑ ድምፅ ከቁልቁለቱ ላይ ተሰማ። ንግስቲ በበሩ ስንጥቅ አየች። ሦስቱም ተመልሰዋል፤ ጓድ እንዳለ ከፊት ነው የተቀመጠው። አባቷን ለብቻ ማግኘት የለም። በጆሮ ማንሾካሾክም የለም፤ በትግርኛማ የማይታሰብ ነው። ወደ ክንፉ አየች፤ ከዚያ ወደ በሩ ደፍ። ደፉ ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ጠርዙ እንደ መጥረቢያ የወጣ፤ ስንቱን ቁም ሳጥን ጭሮ አባቷን ያስረገመ ድንጋይ።

«ምንም እንዳትናገር» አለችው ግደይን። «ቀጭኑን ጫፍ ያዝ። ሥሩን እኔ እይዛለሁ።»

«ምን ልታደርጊ ነው?»

«ያዝ አልኩህ!»

ሁለቱን ክንፎች አባቷና ኢንጂነሩ ጫኑ። ሦስተኛውን ልጆቹ ይዘው መጡ። ግደይ ቀድሞ ደፉን ተሻገረ፤ ንግስቲ ተከተለችው። ጣቷ ከቀለሙ በታች ያንን ቦታ ይፈልግ ነበር፤ አገኘው። ቦታው ልክ ከድንጋዩ ጠርዝ በላይ ሲደርስ ከፍ አደረገችና በሙሉ ኃይሏ ለቀቀችው።

እንጨቱ ጮኸ። ሰዓት ጠጋኙ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ወጣ። ክንፉ ከሥሩ ለሁለት ተከፍሎ ነበር።

«አንቺ ልጅ!» አሉ አቶ አስገዶም። እንዲህ ጮኸውባት አያውቁም። «ምን ነክቶሽ ነው?»

«አዳለጠኝ።»

«አዳለጠኝ! የስንት ቀን ሥራ!»

ጓድ እንዳለ ከመኪናው ወረደ። «ምንድን ነው የተሰበረው? እስቲ ልየው።»

አቶ አስገዶም ቀድመው ተንበረከኩና ሥሩን አነሱ። ስብራቱን አዩ። ንግስቲ ፊታቸውን አየች፤ ከሰጋቱራው ላይ ዓይናቸው ለአፍታ አልተነሳም። ከዚያ ትልቁ አውራ ጣታቸው ቀስ ብሎ ሄደና ስቱኮው ላይ ተቀመጠ፤ ሸፈነው። ብድግ ሲሉም ጣቱ አልተነሳም።

«ልጅ ጥላው ነው፣ ጓድ እንዳለ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ለሴት ልጅ ከባድ ነገር ያሸከምኩ። ከእንግዲህ ወዲህ እንጨት አትነካም።»

የሚሉት ለሰውዬው ጆሮ ይሁን ከልባቸው፣ ንግስቲ መለየት አቃታት። ያቺ «ለሴት ልጅ» የምትለዋ ግን ከሁሉም ነገር በላይ ገብታ ወጋቻት። ግደይ አፉን ሊከፍት ሲል በዓይኗ ገሰጸችው።

ኢንጂነሩ ስብራቱን ከሩቅ አየት አደረገ፤ አልቀረበም። «ላይ ወጥቶ ከሚሰበር እዚሁ መሰበሩ ይሻላል» አለ። «ሙከራውን ወደ ማክሰኞ አዛውራለሁ። እንጨት አለዎት?»

አቶ አስገዶም ወደ ሳንቃው አላዩም፤ ሆን ብለው እንዳላዩ ያስታውቃሉ።

«አለን» አለች ንግስቲ። «አቦይ፣ አውርደው።»

አባቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ዞር ብለው አዩዋት፤ ብዙ አዩዋት። ከዚያ መሰላሉን ራሳቸው አቆሙ።

ሳንቃው ባንኮው ላይ ሲጋደም ጓድ እንዳለ ደጅ ሆኖ ስለ ስብራቱ ደብዳቤ ይጻፍልኝ ብሎ ማጉረምረም ጀምሮ ነበር፤ አቶ አስገዶም አብረውት ወደ ቀበሌ ሊሄዱ ተነሱ። የተሰበረውን ሥር በጨርቅ ጠቅልለው ኮላ በሚቀልጥበት ምድጃ ውስጥ ጨመሩት። በሩ ጋ ቆም ብለው፣ ማንኛቸውንም ሳያዩ፣ «ሳንቃውን ዳብሱት። ጉጥ ካለው አሁን ነው የሚነገረኝ» አሉ። መላጊያውን ሁልጊዜ ግደይ በሚሠራበት ጫፍ ነበር የሚያስቀምጡት። ዛሬ ከዚያ አንስተው ባንኮው መሀል ላይ አስቀመጡትና ወጡ።

ሁለቱ ልጆች መላጊያውን አዩት። ከውጭ ነፋሱ ቆርቆሮውን ያንኳኳል።

ንግስቲ ቅናቱ ለቀቃት ማለት ውሸት ነው። እዚያው ነው፤ ሆዷ ውስጥ ተጠቅልሎ ተኝቷል፤ አባቷ ማታ በትግርኛ ሲስቁ ደግሞ እንደሚነሳ ታውቃለች። ቢሆንም አውራ ጣቷን በጠረጴዛዋ ሳንቃ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ አስኬደች። ንጹሕ ነበር። ከዚያ የብርጭቆ ወረቀት አነሳችና ለግደይ ሰጠችው።

«ይህን አንተ ያዝ» አለችው፤ መላጊያውን ወደ ራሷ ሳብ አደረገች።

ግደይ ወረቀቱን አገላብጦ አየ። ከንፈሩ ሳቅ ሳቅ አለውና በትግርኛ አንድ ነገር ተናገረ። ግማሹ ገባት፤ ግማሹ አልገባትም።

ንግስቲ መላጊያውን ሳንቃው ላይ አሳረፈች።

«ምን ማለት ነው?» አለችው።

«ጣትሽን እንዳትላጊው ነው ያልኩት።»

«ዝም ብለህ ሳንቃውን አጥብቀህ ያዝ» አለችና ጎንበስ ብላ መላግ ጀመረች።